ባለቤት ያጣው ቱርጁማን

አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ኦገስት 12 ቀን 1981 ይፋ ሲያደርግ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ገዢውን አንድ ምርጫ ይጠብቀው ነበር። ማሽኑ ብቻውን ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ ማሳየት አይችልም። ካርድ ይፈልጋል። ካርዱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ኤምዲኤ የሚባለው ጥርት ያለ ፊደል ያወጣል፤ ሥዕል ግን ጨርሶ አያውቅም። ሲጂኤ የሚባለው በአራት ቀለም ይስላል፤ ፊደሉ ግን ሻካራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ዓይን ያደክማል። ደብዳቤና ሒሳብ የሚሠራ ቢሮ የመጀመሪያውን ወሰደ፤ ጨዋታና ሥዕል የፈለገ ሁለተኛውን።

ጣጣው የመጣው ከምርጫው በኋላ ነው። የሁለቱም ካርዶች የሞኒተር መሰኪያ ባለ ዘጠኝ ፒን ነበር፤ ቅርጹም መጠኑም አንድ። የኤምዲኤውን ሞኒተር ሲጂኤው ላይ የሚሰካን ሰው የሚያግደው ነገር አልነበረም። ገመዱ ልክ ይገባል። ከካርዱ የሚወጣው ምልክት ግን ሞኒተሩ ከተሠራበት ድግግሞሽ ጋር ስለማይገጥም ሞኒተሩ ሊበላሽ ይችል ነበር። የሚገጥም መስሎ የማይገጥም ዕቃ፣ ጉዳቱም የገዢው። የግል ኮምፒውተር የግራፊክስ ታሪክ የጀመረው በዚህች መሰኪያ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎም ከዚህ ችግር ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

በሚቀጥለው ዓመት ቫን ሱዋኑኩል የሚባል የታይላንድ ተወላጅ አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ጽሑፉን በኮምፒውተሩ ለመጻፍ ተነሣ። ሊጽፍ የፈለገው በአገሩ ፊደል ነው። ኤምዲኤ የሚያውቀው ፋብሪካ ውስጥ የተቀረጹለትን 256 ቅርጾች ብቻ ስለሆነ የታይ ፊደል የለውም። ሲጂኤ ሊስለው ቢችልም ነጥቦቹ ትልልቅ ስለሆኑ ፊደሉ አይለይም። ሰውየው ሦስተኛ ካርድ ሠራ፤ በጥቁርና ነጭ 720 በ348 ነጥብ የሚስል፣ ጽሑፉም እንደ ኤምዲኤው የጠራ። ስሙን ሄርኩለስ አለው፤ ኩባንያም አቋቋመበት።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የራሳችን ፊደል ይታወሰኛል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ዲቃላዎቹ፣ የግእዝ ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ሲጨመሩ የካርዱ 256 ቦታ ይሞላል፤ ለላቲን ፊደል የሚተርፍ የለም። ስለዚህ በዚያ ዘመን በዶስ ኮምፒውተር ላይ አማርኛና እንግሊዝኛን አጣምሮ መጻፍ የፈለገ ሰው ፊደሉን እንደ ሥዕል ማስሳል ነበረበት፤ ፊደሉን የሚስለው ፕሮግራም ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ካርድ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። ላቲን ጸሐፊው ጨዋታ ሲጫወት ብቻ የሚገጥመው የካርድ ጣጣ በግእዝ ፊደል ለሚጽፈው ገና ደብዳቤውን ሲጀምር ይመጣበት ነበር።

ካርዱንና ፕሮግራሙን የሚያግባባው ነገር ድራይቨር ይባላል። ካርዱ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው፤ በዚህ አድራሻ ይህን ቁጥር ጻፍ፣ ያን መዝጋቢ ክፈት የሚል ቋንቋ። ፕሮግራሙ ደግሞ ክብ ሳልልኝ፣ ፊደል አስቀምጥልኝ ይላል። ድራይቨሩ በመሐል ቆሞ የሚያስተረጉም ቱርጁማን ነው። በዶስ ዘመን ይህ ቱርጁማን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሎሌ አልነበረም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ይዞ ይመጣ ነበር። በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ለሄርኩለስ የሚሆን ድራይቨር ይዞ ስለመጣ ሄርኩለስ በቢሮዎች ነገሠ። ድራይቨር ያልተጻፈለት ካርድ ግን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ገዢ አላገኘም።

አይቢኤም በ1984 ባለ 16 ቀለሙን ኢጂኤ፣ በ1987 ደግሞ ቪጂኤን አወጣ። ቪጂኤ ሁሉም የተስማማበት የመጨረሻው የጋራ ቋንቋ ሆነ። ሌሎቹ ፋብሪካዎች እስከ ታናሽ መዝጋቢው ድረስ ገለበጡት፤ ለዚህም ነው ዛሬም ዊንዶውስ ድራይቨር ሲያጣ ወደ ቪጂኤ መሰል መሠረታዊ ምስል የሚመለሰው። ከቪጂኤ ወዲያ ግን እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ነጎደ። ጼንግ፣ ትራይደንት፣ ሲረስ ሎጂክ፣ ኤስ3 ሁሉም 800 በ600 ነጥብ ማሳየት ይችላሉ፤ አንዱ የሚያሳይበት መንገድ ግን ከሌላው ጋር አይገናኝም። ይህን ለማስታረቅ ቬሳ የሚባለው የፋብሪካዎች ማኅበር በ1989 ተመሠረተ። ማኅበሩ ደንብ አወጣ፤ ደንቡን በትክክል ያልተከተለ ካርድም ሞልቶ ስለነበር ካርዱ ለደንቡ እንዲታዘዝ የሚያደርግ ሌላ ፕሮግራም በገንዘብ ይሸጥ ጀመር። ገዢው ለካርዱ ከፈለ፤ ካርዱ ቃል የገባውን እንዲፈጽም ደግሞ እንደገና ከፈለ።

የቀረውን የዚያን ዘመን ስቃይ ኮምፒውተር የጠገነ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ካርዶቹ ላይ ጃምፐር የሚባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች ነበሩ፤ በእጅ እየነቀሉ ቦታ መቀየር ነው። ማሽኑ ካርዶቹ የሚጠሩበት 15 መስመር ብቻ ነበረው፤ አብዛኛው አስቀድሞ ተይዟል። የድምፅ ካርዱና ፕሪንተሩ አንድ መስመር ላይ ከተገናኙ አንዱ ዝም ይላል፣ ወይም ሁለቱም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1990 ከወጣው ዊንዶውስ 3.0 ጋር ነው። ከዚህ በኋላ ፕሮግራም ጸሐፊው ስለ ካርዱ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ለዊንዶውስ ይነግራል፣ ዊንዶውስ ለድራይቨሩ ይነግራል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ነገር ግን ሳይታሰብ አንድ ነገር ተለወጠ። ድራይቨሩን የሚጽፈው የካርዱ ፋብሪካ ነው። የሚሠራው ማይክሮሶፍት በሠራው ቤት ውስጥ ነው። ገዢው እጅ የሚያደርሰው ኮምፒውተሩን የገጣጠመው ድርጅት ነው። የሚያሠራው ደግሞ አራተኛ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ነው። ሲበላሽ አራቱም እርስ በርሳቸው ይጠቋቆማሉ። ቱርጁማኑ ባለቤት ያጣው ያን ጊዜ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

የዚህ ውጤት በግልጽ የታየው በ1994 የገና ዕለት ነው። ዲስኒ በዚያ ዓመት ዘ ላየን ኪንግ በተባለው ፊልሙ ላይ የተመሠረተ የልጆች ተረት በሲዲ አውጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት የኮምፒውተር ጨዋታ ሰሪዎች ዊንዶውስን ይሸሹ ነበር፤ ቀርፋፋ ነው፣ ካርዱን በቀጥታ እንዳንነካ ይከለክለናል እያሉ በዶስ ይጽፉ ነበር። ማይክሮሶፍት ወደ ዊንዶውስ ሊስባቸው ዊንጂ የሚባል ሥዕልን የሚያፈጥን መሣሪያ አዘጋጅቶ ሰጠ። የዲስኒው ሲዲ የተሠራው በእርሱ ነው። በዚያው ወቅት ኮምፓክ ፕሪዛሪዮ የሚባሉትን የቤት ኮምፒውተሮች ለገና ገበያ አቀረበ። በውስጣቸው የነበረው የግራፊክስ ድራይቨር ከዊንጂ ጋር አልተሞከረም ነበር።

ዲሴምበር 25 ጠዋት በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ልጆች ስጦታቸውን ከፈቱ። ወላጅ አዲሱን ኮምፒውተር አስነሣ፣ ሲዲውን አስገባ፤ ማሽኑ ሞተ። እንደገና አስነሣ፤ እንደገና ሞተ። የዲስኒ የደንበኞች ስልክ በሚያለቅሱ ልጆች ወላጆች ተጨናነቀ። የዲስኒ ሰዎች ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል ይሠራ ነበር። ማይክሮሶፍት ዊንጂን የጻፈው በደንቡ መሠረት ነው። ኮምፓክም ኮምፒውተሩ በሌላ ነገር ሁሉ ደህና እንደሆነ መናገር ይችል ነበር። እያንዳንዱ በየራሱ ሥራ ልክ ነበር፤ ልጁ ግን ጨዋታውን አላገኘም። እኔ ይህን ቀን ከየትኛውም የኮምፒውተር ታሪክ ቀን በላይ አስተማሪ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ጥፋተኛውን ለመፈለግ የሄደ ሰው ሦስት ንጹሐን ያገኛል።

ማይክሮሶፍት ውስጥ የነበሩት አሌክስ ሴንት ጆን፣ ክሬግ አይስለርና ኤሪክ ኢንግስትሮም ከዚህ ውርደት ትምህርት ወሰዱ። ጨዋታ ሰሪውም ካርድ ሰሪውም የሚገዙበት አንድ ጠንካራ ደንብ ያስፈልጋል ብለው ተነሡ፤ ዳይሬክትኤክስ የተባለውም በሴፕቴምበር 1995 ወጣ። ከአንድ ወር በፊት ዊንዶውስ 95 ጃምፐርን የሚያስቀር፣ ካርዱን ራሱ አውቆ ድራይቨሩን የሚጭን አሠራር ይዞ መጥቷል። ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ አንዳንዴ አይሳካም። በኤፕሪል 1998 ቺካጎ ላይ በተካሄደው ኮምዴክስ የተባለ አውደ ርእይ ቢል ጌትስ ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ ባልደረባው ክሪስ ካፖሴላ ገና ሊወጣ ያለውን ዊንዶውስ 98 ሲያሳይ፣ አንድ ስካነር እንደሰካ ሰማያዊው ስክሪን በሺህ ሰው ፊት ወጣ። ያን ሰማያዊ ስክሪን ቤቱ ብቻውን ሲያየው የኖረ ሰው ሁሉ ጥፋቱ የራሱ እንዳልነበረ ያን ቀን አወቀ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የማይታይ አንድ ውሳኔ ተወስኖ ነበር፤ ከጩኸቱ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጉዳት ያስከተለው እርሱ ይመስለኛል። ዊንዶውስ ኤንቲ በ1993 ሲወለድ የግራፊክሱ ክፍል ከሲስተሙ እምብርት፣ ማለትም ከከርነሉ ውጭ ነበር። ድራይቨሩ ቢሳሳት ሲስተሙን ይዞ የመውደቅ ዕድሉ ያነሰ ነበር። አሠራሩ ግን ቀርፋፋ ነው። በ1996 ኤንቲ 4.0 ሲወጣ ለፍጥነት ሲባል ግራፊክሱ ወደ ከርነሉ ገባ። ከዚያ በኋላ ሌላ ድርጅት የጻፈው፣ በየወሩ የሚለወጥ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር መስመር ያለው ኮድ በሲስተሙ ልብ ውስጥ ተቀመጠ። አንዲት ስሕተት ከሠራ ያልተቀመጠው ደብዳቤ፣ ያላለቀው ሒሳብ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ኋላ የመጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የወረሰው ይህንኑ ነው።

ካርዶቹም በዚህ ጊዜ ወደ ሦስት አቅጣጫ ሥዕል ተሸጋግረዋል። ኤንቪዲያ የሚባል በ1993 የተመሠረተ ኩባንያ በ1995 ያወጣው የመጀመሪያ ካርዱ፣ ኤንቪ1፣ ዓለምን የሚስለው በጥምዝ ገጾች ነበር። የማይክሮሶፍት ደንብ ሲወጣ የሚያውቀው ሦስት ማዕዘን ብቻ ሆነ። ካርዱ ቋንቋው እንደማይነገርበት አገር እንግዳ ቀረ፤ ኩባንያው ለመክሰር ተቃረበ። በ1997 በወጣው ሪቫ 128 ነው የተረፈው፤ እርሱ ሦስት ማዕዘን ይስላል።

ስሪዲኤፍኤክስ የሚባለው ኩባንያ ግን ተቃራኒውን መንገድ ሄዶ ለጊዜው ተሳካለት። በ1996 የወጣው ቩዱ የተባለው ካርዱ በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። የሚሠራውም ሦስት አቅጣጫ ሥዕልን ብቻ ስለነበር ገዢው ሌላ ተራ ካርድ አስቀምጦ ሁለቱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ በገመድ ያገናኝ ነበር። ኩባንያው የማይክሮሶፍትን ደንብ አልጠበቀም፤ ግላይድ የሚባል የራሱን ቋንቋ ፈጠረ። ጨዋታ ሰሪዎች በግላይድ ጻፉ፤ በግላይድ የተጻፈ ጨዋታ ደግሞ ቩዱ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ያን ውበት አያሳይም። ለአራት ዓመት ገዢዎቹ ንጉሥ ነበሩ። በዲሴምበር 2000 ስሪዲኤፍኤክስ ንብረቱን ለተቀናቃኙ ለኤንቪዲያ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ኤንቪዲያ ባለሙያዎቹንና ፈጠራዎቹን ፈለገ፤ የተሸጡትን ካርዶች የመደገፍ ግዴታ ግን አልወሰደም። በዚያው ዓመት ቩዱ 5 የገዛ ሰው በቀጣዩ ዓመት ኤክስፒ ሲወጣ ከፋብሪካው የሚመጣ አዲስ ድራይቨር የለውም። ካርዱ አልተሰበረም። አልተቃጠለም። ቱርጁማኑ ሞተ እንጂ። ያተረፉት በትርፍ ጊዜያቸው አሮጌውን ድራይቨር እየፈቱ ያደሱ ባለካርዶች ናቸው፤ ይህንንም ማድረግ የቻሉት የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ቀድመው ስላስቀመጡ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ትልልቆች ቀሩ፤ ኤንቪዲያና የካናዳው ኤቲአይ። ፉክክሩ ካርዱ ላይ ብቻ ሳይሆን ድራይቨሩም ላይ ሆነ፤ እምነት የጎደለበትም ጊዜ ነው። በ2001 የኤቲአይ ራዲዮን 8500 ድራይቨር ኩዌክ 3 የሚባለውን ጨዋታ በስሙ እያወቀ የሥዕሉን ጥራት ቀንሶ ፍጥነቱን እንደሚጨምር ተደረሰበት። መርማሪዎቹ ያደረጉት የፕሮግራሙን ስም ኩዌክ ከሚለው ወደ ኩዋክ መለወጥ ብቻ ነው፤ ወዲያው ፍጥነቱ ወረደ፣ ሥዕሉ ጠራ። በ2003 ደግሞ ፊውቸርማርክ የተባለው የመመዘኛ ፕሮግራም ሰሪ የኤንቪዲያ ድራይቨር በመመዘኛው ላይ ያልተገባ አቋራጭ እንደሚጠቀም አስታወቀ። ካርድ ሊገዛ ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው በሁለቱም በኩል ተታለለ።

ከዚያ ዊንዶውስ ቪስታ መጣ። ማይክሮሶፍት የ1996ቱን ውሳኔ ሊያርም ፈልጎ ነበር፤ በዚህ ምስጋና ይገባዋል። አዲሱ አሠራር ድራይቨሩን ለሁለት ከፈለው፤ ትንሹ ክፍል ከርነል ውስጥ ይቀራል፣ ትልቁ ወደ ውጭ ይወጣል። ካርዱ ለሁለት ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠ ሲስተሙ ካርዱን እንደ አዲስ ያስነሣዋል፤ ሰማያዊ ስክሪን የነበረው ጨለም ብሎ የሚመለስ ስክሪን ሆነ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መጥቷል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ኪቦርድ በውስጡ ይዞ ወጣ። ሱዋኑኩል ለታይ ፊደል ካርድ እስከ መሥራት የደረሰበት ችግር ለአማርኛ በዊንዶውስ ውስጥ መልስ ያገኘው ያኔ ነው።

ችግሩ ይህን ሁሉ የሚሸከም ድራይቨር በጊዜው አለመዘጋጀቱ ነው። የግራፊክሱ ደንብ ከሥሩ ስለተለወጠ ፋብሪካዎቹ ድራይቨራቸውን እንደ አዲስ መጻፍ ነበረባቸው። ቪስታ ደጋግሞ ዘግይቶ ስለነበር በጊዜው ይወጣል ብሎ ያመነ ጥቂት ነው፤ ሥራውን እስከ 2006 መጨረሻ ያልጀመሩም ነበሩ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ለሕዝብ ሲሸጥ ድራይቨሮቹ ጥሬ ነበሩ። ማይክሮሶፍት በዚያ ዓመት መዝግቦ በነበረው የቪስታ ብልሽት ውስጥ 28.8 በመቶው ከኤንቪዲያ ድራይቨር፣ 17.9 በመቶው ከማይክሮሶፍት ከራሱ፣ 9.3 በመቶው ከኤቲአይ የመጣ ነው። ከአስሩ ብልሽት ሦስቱ ማለት ይቻላል፣ ከአንድ ፋብሪካ ቱርጁማን!

እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት በፈቃድ ተነግረው አይደለም። ሲያትል ውስጥ በተመሠረተ ክስ ምክንያት የማይክሮሶፍትን የውስጥ ደብዳቤዎች በ2008 ፍርድ ቤት ይፋ ስላደረጋቸው ነው። ክሱ የሚያነሣው ከ2006 ጀምሮ በኤክስፒ ኮምፒውተሮች ላይ የተለጠፈውን ቪስታን ይችላል የሚል ምልክት ነው። መጀመሪያ ምልክቱን ለማግኘት ኮምፒውተሩ አዲሱን የግራፊክስ አሠራር መቻል ነበረበት። 915 የተባለው የኢንቴል ቺፕ ግን አይችልም፤ በገበያው ላይ ደግሞ በብዛት አለ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ አንድ የማይክሮሶፍት ኃላፊ መስፈርቱ ዝቅ የተደረገው ኢንቴል የሩብ ዓመት ገቢው እንዳይጎድልና 915ን መሸጡን እንዲቀጥል ነው ብሎ ጽፏል። ምልክቱን አምኖ የገዛው ሰው ቪስታን ሲጭን የሚያገኘው ማስታወቂያው ላይ ያየውን አይደለም፤ የተገፈፈውን ነው። ማይክ ናሽ የሚባለው የማይክሮሶፍት ምክትል ፕሬዚዳንት ራሱ 2,100 ዶላር ያወጣበት ላፕቶፕ ለኢሜይል ብቻ የሚሆን ዕቃ ሆኖ እንደቀረበት ለባልደረቦቹ ጽፎ ነበር። የቤቱ ሰው እንዲህ ከሆነ ደጅ ያለው ምን ይሁን? ፍርድ ቤቱ በ2009 ክሱ በጋራ እንዳይታይ ወሰነ፤ እያንዳንዱ ገዢ ለብቻው ቀረ።

የካርድና የሲስተም ጠብ በዊንዶውስ ብቻ አልቆመም። ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጠቀሙ ሰዎች ለዓመታት ፋብሪካዎቹን ሲለምኑ ኖረዋል። የሊኑክስ ሰዎች ድራይቨሩን ጻፉልን አላሉም፤ ካርዱ የሚናገረውን ቋንቋ መዝገብ ስጡን፣ እኛው እንጽፈዋለን ነው ያሉት። ኤቲአይን በ2006 በ5.4 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ኤኤምዲ በ2007 መዝገቡን መስጠት ጀመረ። ኤንቪዲያ እምቢ አለ። ስለዚህ ኑቮ የሚባለውን ድራይቨር የጻፉት ሰዎች ካርዱ የሚለውን እያዳመጡ፣ ቋንቋውን እንደ ሕፃን ከባዶ ተማሩ። በጁን 2012 ፊንላንድ በሚገኘው አልቶ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ሴት ስለ ላፕቶፗ የኤንቪዲያ ካርድ ሊነስ ቶርቫልድስን ጠየቀችው። የሊኑክስ ፈጣሪ ካሜራው ፊት ለኤንቪዲያ የስድብ ጣቱን አሳየ፤ እስካሁን ካጋጠሙን ድርጅቶች የከፋው ነው አለ። ነውር ነው የሚሉት አሉ። ካርድ ገዝቶ ስክሪኑ ጨለማ የሆነበት ሰው ግን ያን ቀን የሚናገርለት አገኘ። ኤንቪዲያ የሊኑክስ ድራይቨሩን የከርነል ክፍል ለሁሉም ክፍት ያደረገው በሜይ 2022 ነው።

ድራይቨሩ ከሥዕል አልፎ ዕቃውን ራሱን መግዛት ከጀመረ በኋላ ጉዳቱም ሥጋ ለበሰ። በማርች 2010 የወጣው የኤንቪዲያ 196.75 ድራይቨር የካርዱን ማራገቢያ በትክክል ስለማይቆጣጠር ካርዶች ከመጠን በላይ ጋሉ፤ ኩባንያው ድራይቨሩን አነሣው። በኖቬምበር 2015 የኤኤምዲ አዲስ ድራይቨርም የማራገቢያውን ፍጥነት ዝቅተኛው ላይ አስሮ በመያዙ በቀናት ውስጥ እርማት አስፈለገው። ማሻሻያ ጫን ተብሎ የተመከረ ሰው ማሻሻያውን ጭኖ ካርዱን ለአደጋ አጋለጠ።

ኢንቴል በ2022 አርክ የሚባሉትን ካርዶች ይዞ ሲገባ ሦስተኛ ተወዳዳሪ መጣ ተብሎ ብዙ ሰው ተደስቶ ነበር፤ እኔም። ካርዱ በአዲስ ጨዋታ ላይ ጥሩ ነው። በአሮጌው ላይ ግን ይንገዳገድ ነበር፤ ምክንያቱም ኤንቪዲያና ኤኤምዲ ሃያ ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ አሮጌ ጨዋታ ጠባይ በድራይቨራቸው ውስጥ ያጠራቀሙት መላ ኢንቴል ዘንድ አልነበረም። የዳይሬክትኤክስ 9 ጨዋታዎችን ወደ ዳይሬክትኤክስ 12 በሚመልስ ሌላ አስተርጓሚ ነበር የሚያሳልፋቸው። ካርዱ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን አሠራር በማያውቅ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ብዙ አቅሙን ያጣል፤ ኢንቴል ይህን አልደበቀም፣ አስቀድሞ ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ድራይቨሮቹ በእጅጉ ተሻሻሉ። ሳይዋሹ መናገርና ሳይታክቱ ማረም እንደሚቻል ያሳየ ስለሆነ ጥሩ ምሳሌ ነው እላለሁ።

በ2025 ኤንቪዲያ አዲሱን የአርቲኤክስ 50 ቤተሰብ ሲያወጣ ባለ 32 ቢት ፊዝኤክስ የሚባለውን አሮጌ አሠራር ከውስጡ አስወጣ። ቦርደርላንድስ 2ንና ሚረርስ ኤጅን የመሰሉ የቆዩ ጨዋታዎች ውድ በሆነው አዲስ ካርድ ላይ ከአሮጌው ካርድ ባነሰ ፍጥነት መሄድ ጀመሩ። ተጠቃሚው ከጮኸ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ለተወሰኑ ጨዋታዎች ተመለሰ።

የዚያው ዓመት ሌላ ዜና ግን ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ኤንቪዲያ በ2014 በጀመረው የማክስዌልና በ2016 በጀመረው የፓስካል ትውልድ ካርዶች ላይ የሚያወጣውን መደበኛ የጨዋታ ድራይቨር በኦክቶበር 2025 አቆመ፤ እስከ ኦክቶበር 2028 የሚወጣው የደኅንነት እርማት ብቻ ነው። ጂቲኤክስ 970፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ጂቲኤክስ 1060 የሚባሉት ሁሉ እዚህ ውስጥ አሉ። ኤኤምዲ ደግሞ በ2012 የጀመሩትን የኤችዲ 7000 ቤተሰብ ካርዶች በዊንዶውስ ላይ መደገፉን በ2021 አቁሟል፤ በሊኑክስ ግን መዝገቡ ክፍት ስለሆነ ለእነዚሁ ካርዶች እስከ 2025 ድረስ አዳዲስ ማሻሻያ ይጻፍላቸው ነበር።

ያገለገለ ካርድ ገዝታችሁ የምትሠሩ አንባቢዎች፣ የዛሬ ድራይቨር አንዱ ብቻ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ደጋግሞ የሚወርድ ነገር አይደለም። ካርዳችሁ ከላይ ከጠቀስኳቸው የኤንቪዲያ ካርዶች አንዱ ከሆነ ቁጥሩ በ58 የሚጀምረውን ድራይቨር ከኤንቪዲያ ከራሱ አንዴ አውርዱ፤ በትክክል መሥራቱን አረጋግጡና ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ከኮምፒውተሩ ውጭ አስቀምጡ። የቩዱ 5 ባለቤቶች ካርዳቸውን ያተረፉት እንዲህ አድርገው ነው።